ሁለት ታቦት የሚጠብቀው ቆርቆሮ

«እንግዲህ ጠበቅ አርገው ይያዙ፣ እማሆይ፤ ልገፋዎ ነው» አለች የትነበርሽ፣ ትከሻዋን ከጠፍር አልጋው ራስጌ ላይ አስደግፋ።

«ወዴት ነው ደሞ የምትወስጅኝ?»

«ወደ ጓዳው በር። እዚህም ጀመረ።»

«ትናንት እዚያ ጀመረ ብለሽ አይደል ወዲህ ያመጣሽኝ?»

አልጋው እየተንቋቋ ሁለት ክንድ ያህል ተጓዘ፤ ሰማንያውን ያለፉት አማቷ እማሆይ ወለተሩፋኤልም ቆባቸውን በአንድ እጃቸው፣ የአልጋውን ቋሚ በሌላው ይዘው አብረው ተጓዙ። ባለፉት ዘጠኝ ቀናት ይህ አልጋ ከምሰሶው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ጎታው፣ ከጎታው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ምራት ትገፋለች፣ ጠብታው ይከተላል። አማት በተሰደዱ ቁጥር ፈገግ ይላሉ፤ ምራት ግን ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች።

የሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት ማብቂያ፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን ነበር። ዓለም አፉን በጨርቅ ሸፍኖ የከረመበት ዓመት። ከዳባት ከተማ በላይ፣ ደጋው ጫፍ ላይ በተቀመጠችው ዝግባ በር ግን ሰው ከወረርሽኙ ይልቅ የፈራው ክረምቱን ነው። ክረምት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲገባ ደስ ይላል፣ ሲቆይ ያስጨንቃል። የዚያ ዓመቱ ደግሞ ተሰናብቶ ደጅ ከደረሰ በኋላ የረሳው ነገር ትዝ ብሎት ተመልሶ ገባ።

የተመለሰው ነሐሴ ሃያ አራት፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥላሸት መሰለና ድንች ድንች የሚያህል በረዶ አወረደ። ከጠቦቶቹ ሁለቱን ገደለ፤ የማድቤቱን ግድግዳ አፈረሰ፤ ለክረምት የተከመረውን ኩበት መልሶ እበት አደረገው። ከሁሉ የከፋው ግን የሣር ቤቱ ጉልላት ላይ የተደፋውን ገንቦ መስበሩ ነው። ያን ገንቦ እዚያ ላይ ያስቀመጡት የእማሆይ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና ግራዝማች ክንዱ ናቸው። ጃንሆይ ሲወርዱ አልወረደም፤ ደርግ ሲወድቅ አልወደቀም። ስንት መንግሥት የሸኘ ገንቦ በአንድ ቀን በረዶ ተሰብሮ ቀረ፤ ዝናቡም በምሰሶው እየተንሸራተተ እንደ ባለቤት ይገባ ጀመር።

ታዲያ ቆርቆሮው? ይል ነበር የሰማ ሁሉ። እውነት ነው፣ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የቆመ ሠላሳ ቆርቆሮ አለ። ቤቱ ስንት ዓመት በነጭ ሽንኩርት ያጠራቀመው ነው። ጎንደር አራዳ ተገዝቶ፣ እስከ ዳባት በአይሱዙ መጥቶ፣ ከአስፋልቱ እስከ ዝግባ በር በሰው ትከሻ ወጥቷል። ነገር ግን በክረምት ጣሪያ የሚከፍት ወይ እብድ ነው ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው። አናጢው የቀጠረው ለመስቀል ማግስት ነው። እስከዚያው የየትነበርሽ ልጅ ምስጢር ከጎንደር በላከችው ሰማያዊ ላስቲክ ከአልጋው በላይ ድንኳን ቢጤ ተሠርቷል። ላስቲኩ ውኃ ሲያቁር የትነበርሽ ከሥሩ በመጥረጊያ እንጨት ገፋ እያደረገች ወደ ባልዲ ታፈስሰዋለች።

ሰው የማያውቀው፣ ያ ቆርቆሮ የቤቱ መሆኑ ማብቃቱን ነው። የትነበርሽ ሰጥታዋለች።

በረዶው ሲወርድ ባሏ ቄስ ገብረ ሚካኤል በሚቀድሱበት በመንደሩ ሩፋኤል ደብር ውስጥ ነበሩ፤ ቤት የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው። ገንቦው ተሰብሮ ስባሪው መሬት ሲወድቅ አማቷን አቅፋ ከአልጋው ሥር ገባች። የአሮጊቷ ልብ ከክንዷ ሥር እንደ ተያዘች ወፍ ሲመታ ተሰማት። ያን ጊዜ ነው ከአፏ የወጣው።

«ሚካኤል፣ እኒህን ሴት ለሩፋኤል ቀን በሕይወት አድርስልኝ እንጂ ቆርቆሮው ያንተ ነው» አለች።

የጠራችው ሚካኤል ከሸለቆው ማዶ ያለውን የትውልድ ደብሯን ነው። የደጀ ሰላሙ ጣሪያ እያፈሰሰ ካህናቱ መቀመጫ ማጣታቸውን ሰምታ ነበር።

ለሩፋኤል ቀን ማለቷም በዋዛ አይደለም። ጳጉሜን ሦስት የሚዘንብ ዝናብ ጠበል ነው፤ አገሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጠመቅበታል። እማሆይ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ አንድም ዓመት አላለፋቸውም። የትነበርሽ ደግሞ ከዚያ ዝናብ ጋር የራሷ ነገር አላት። ከምስጢር በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብራለች። ሁለተኛውን በቀበረችበት ክረምት ሐዘኑ አልጋ ላይ ጣላትና ሩፋኤል ሲመጣ መነሣት አቃታት። አማቷ ብቻቸውን ወጡ። ሲመለሱ ነጠላቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷቸው ነበር፤ ከራስጌዋ ቆመው ግንባሯ ላይ ጨመቁላት።

«አንች መውጣት ካቃተሽ እሱ ይመጣል» አሏት።

ሌላ አማት ብትሆን «ምድጃውን ማን ያንድድ?» በምትልበት ቀን ነው ይህን ያደረጉት። የትነበርሽ የእናቷን ያህል የወደደቻቸው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ስለቱን ለወንድሟ ለስማቸው ብቻ በስልክ ነግራ፣ በሩፋኤል ዕለት ተሸካሚ ይዞ እንዲመጣ ቀጥራዋለች። ለባሏ ግን ከየት ትጀምር? በየማታው ልትነግራቸው አፏን ትከፍትና «ትንሽ ይጨመርልዎ?» ብላ ትዘጋዋለች። እሳቸውም ከበረዶው ወዲህ እንግዳ ሆነውባታል። ስለ አናጢው ስታነሣባቸው ስለ ገብሱ ይመልሳሉ፤ ቆርቆሮው ወደቆመበት ጥግ ዐይናቸውን አያዞሩም። ሳያውቁብኝ አልቀሩም እያለች ታፍራለች። ሃያ አምስት ዓመት በትዳር ስትኖር ከባሏ የደበቀችው ነገር ቢኖር አንድ የተሰበረ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ እሱንም በሦስተኛው ቀን ተናዝዛለች።

አሁን ደግሞ ቀኑ ደረሰ። እማሆይ በሕይወት አሉ። ደስታዋና ጭንቀቷ በአንድ ማለዳ ተያይዘው መጡ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉ እማሆይ፣ አልጋው ጓዳው በር ላይ ከቆመ በኋላ።

«ያውቁታል እኮ።»

«እንግዲያስ አውጭኝ።»

«ኧረግ፣ እንዴት አርጌ? ብርድ ከነካዎ ደረትዎ አይችልም ብላ የለም ወይ የጤና ኬላዋ ልጅ?»

«ሰባ ዓመት ሲነካኝ የኖረ ብርድ ነው። እሷ ሳትወለድ እንተዋወቃለን።»

«ዘንድሮ ግን አላወጣዎትም። ከፈለጉ ይቆጡኝ።»

እማሆይ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ የትነበርሽም ባልዲውን አንሥታ ልትደፋ ወጣች፣ ባልዲው ግን ገና ግማሽ አልሞላም ነበር።

ዝናቡ የጠነከረው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ወደ ቀትር ገደማ ነው። ከመንደሩ ሁሉ የሳቅና የእልልታ ድምፅ ተነሣ። ሴቶች ነጠላቸውን ገልጠው፣ ሽማግሎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናቡ ላይ ቆመዋል። የትነበርሽ ደጃፍ ሆና ስታይ ከላይ ከደብሩ መንገድ ባሏ ሲመጡ ተመለከተች። ከጎናቸው የደብሩ አለቃም የቤተሰቡ የንስሐ አባትም የሆኑት አባ ኪዳነወልድ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ጭምብላቸው ከጢማቸው ሥር ወርዶ ተንጠልጥሎ ይራመዳሉ፤ ከኋላቸው ስድስት ወንዶች አሉ። ወዲያው ከታች ከሸለቆው በኩል ወንድሟ ስማቸው ብቅ አለ። ከሱም ኋላ ስድስት ወንዶች አሉ።

ሁለቱ ወገን ግቢው መካከል ተገናኘ። በዚያ ዓመት ደንብ ክርን ለክርን እየተነካኩ ሰላም ተባባሉ።

«ከዚያ ሁሉ መንገድ ለጠበሉ ነው የመጣችሁ?» አሉ አባ ኪዳነወልድ።

«ለጠበሉም ነው፣ አባ» አለ ስማቸው። «ዋናው ግን ለቆርቆሮው ነው።»

«ለየቱ ቆርቆሮ?»

«ለሚካኤል ቆርቆሮ ነዋ።»

«የሩፋኤል ማለትህ ነው» አሉ አባ ኪዳነወልድ፣ የተሳሳተ ተማሪ እንደሚያርም የኔታ ረጋ ብለው። «ቄስ ገብረ ሚካኤል የተሳሉት። እኛም ልንሸከመው ነው የመጣነው።»

የትነበርሽ የበሩን መቃን ያዘች። ቄስ ገብረ ሚካኤል መጀመሪያ ስማቸውን አዩ፣ ቀጥለው እሷን። ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዱ ከሌላው ሲሸሽ፣ ሁለቱም የሸሹት ከአንድ ነገር ኖሯል።

ተሸካሚዎቹ ዝናቡን ሊጠመቁ ደጅ ቀሩ፤ አራቱ ወደ ቤት ገቡ። አባ ኪዳነወልድ እማሆይን በመስቀላቸው ከዳሰሱ በኋላ ዱካ ላይ ተቀመጡና ጃንጥላቸውን ሊያጥፉ ሲሉ ጠብታ አናታቸው ላይ ቢያርፍ መልሰው ዘረጉት።

«በሉ፣ እንስማ» አሉ ከጃንጥላው ሥር።

ቄስ ገብረ ሚካኤል ቀድመው ተናገሩ። «በረዶው ሲወርድ ከደብሩ ደጃፍ ሆኜ ቤቴን አየሁት። ጉልላቱ ሲሄድ አየሁ። ልሩጥ ብል በረዶው አላራምድ አለኝ። ሁለቱን በሕይወት ካገኘሁ አልኩ...» ወደ አልጋው አዩ። «የቤተ ልሔሙን ጣሪያ ነፋሱ ሲወስደው ከፊቴ ነበር። ኅብስቱ የሚሰናዳበት ቤት ሜዳ ሆኖ ሊቀር ነው። ቆርቆሮውን ለሱ አልኩ።» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሮጬ ስመጣ ከአልጋው ሥር ተቃቅፋችሁ አገኘኋችሁ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ይህን ጣሪያ ስንት ዓመት ጠበቅሽው።»

«እኔስ እንዴት ብዬ ልንገርዎ?» አለች የትነበርሽ። ሰው ፊት፣ በእናታቸውም ፊት ቢሆን፣ ሁልጊዜ አንቱ ነው የምትላቸው። «ቆርቆሮውን ሳላማክርዎ ሰጠሁት። ያውም እርስዎ ለማይቀድሱበት ደብር።»

«ስለ ምን ብለሽ ተሳልሽ?»

«ስለ እናትዎ ነዋ። ሌላ ስለ ምን እሳላለሁ?»

ቄስ ገብረ ሚካኤል ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ወደ ምድጃው ተመለከቱ።

«‹ወይከውኑ ክልኤሆሙ አሐደ ሥጋ› ይላል፤ ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ» አሉ አባ ኪዳነወልድ። «አንድ ሥጋ አንድ ጣሪያ ለሁለት ታቦት ሲሰጥ ግን በዕድሜዬ አላየሁም።» ሳቅ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጋው ላይ ያጎነበሰውን ላስቲክ ሲያዩ መለሱት።

«ለሁለት ይከፈላ» አለ ስማቸው። «አሥራ አምስቱን እኛ፣ አሥራ አምስቱን እናንተ።»

«እኒህስ?»

አባ በአገጫቸው የጠቆሙት ወደ አልጋው ነው። ዝናቡ ሲያባራ ውርጭ እንደሚመጣ፣ የደጋው ውርጭ ደግሞ ክፍት ቤት ውስጥ ያለችን የደከመች ደረት እንደማይምር ሁሉም ያውቃል። የጉልላቱ ሣር ተመዝምዞ ስላለቀ ቤቱን በሣር መጠገን ከንቱ ነው። በሌላ በኩል ስለት ስለት ነው፤ ከአፍ ከወጣ የታቦቱ ነው፣ የበላውም ሰው ሲያልፍለት ታይቶ አይታወቅም። የትነበርሽ አማቷን ከበረዶ አውጥታ ለውርጭ የሰጠቻቸው ራሷ መሰላት።

«እኔን የጠየቀኝ የለም» የሚል ድምፅ ከግድግዳው በኩል ተሰማ።

እማሆይ ወለተሩፋኤል ዞረው ነበር። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ቆርቆሮው በምን ተገዛ?»

«በሽንኩርቱ፣ እማሆይ» አሉ ልጃቸው።

«ሽንኩርቱስ በማን መሬት በቀለ?»

«በርስዎ።»

«የመሬቱ ደብተር በማን ስም ነው?»

«በርስዎ ስም ነው።»

«አባ፣ እኔ ማይም ነኝ፣ መጽሐፍ አላውቅም። በሰው ገንዘብ መሳል ይቻላል ወይ?»

አባ ኪዳነወልድ ጢማቸውን ያዙ። ጃንጥላው ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠብ ጠብ ሲል ተሰማ።

«አይቻልም» አሉ በመጨረሻው። «በሰው ገንዘብ ስለት የለም። እንዲያውም ስርቆት ነው።»

«እንግዲያስ ሁለቱም ሌቦች ናቸው። ንስሐ ይስጡልኝ።»

ሃያ ዓመት ሰው ሲያናዝዙ የኖሩት ቄስ ገብረ ሚካኤል፣ ከሰው ማሳ እሸት ሲበላ እንደ ተያዘ ልጅ አንገታቸውን ደፉ። የትነበርሽ ደግሞ የምትስቀውና የምታለቅሰው ተምታታባት።

«ስለቱ የራሳችሁ በሆነው ይሁን» አሉ አባ ኪዳነወልድ። «የራሳችሁ የምትሉት ጉልበታችሁ ነው። ጥቅምት ሲጠባ ሣር ታጭዳላችሁ። እርስዎ፣ ቄስ፣ የቤተ ልሔሙን ጣሪያ በገዛ እጅዎ ይከድናሉ። የትነበርሽም ለሚካኤል ደጀ ሰላም የሚበቃውን ሣር በጀርባሽ ተሸክመሽ ታደርሻለሽ። ቆርቆሮው ከባለቤቷ ጋር ይቆይ። ስማቸው፣ ምን ትላለህ? ሚካኤል ይቆጣ ይሆን?»

«ደጀ ሰላሙ ዱሮም የሣር ነው» አለ ስማቸው ራሱን እያከከ። «ሚካኤልስ አይቆጣም። እኔ የቸገረኝ ያመጣኋቸው ሰዎች ናቸው። ምን ልበላቸው?»

«የሩፋኤል ጠበል አጠመቅኋችሁ በላቸው። ያንስባቸዋል?»

ስማቸው ሳቀ። ቄስ ገብረ ሚካኤልም በዘጠኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሻቸው ወጣ። ሁሉም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ሊነሡ ሲሉ እማሆይ መቁጠሪያቸውን አልጋው ቋሚ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረጉ።

«ባለቤቷ ገና አልጨረሰችም» አሉ። «ቆርቆሮው ከመስቀል በኋላ ቤቱ ላይ ይውጣ፤ ልጆቼ ይደሩበት። ዛሬ ግን እኔ የምፈልገው የሚያፈስ ቤት ነው።»

የተናገሩት ለሁሉም ነው፤ የሚያዩት ግን የትነበርሽን ነበር። የትነበርሽ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ደጅ ያለው እልልታ ተሰማት፤ በምሰሶው እየወረደ ምድጃው አጠገብ ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ አየች። ዘጠኝ ቀን እንደ ጠላት ያባረረችው ውኃ ነው። ዛሬ ግን ጳጉሜን ሦስት ነው፤ ጠብታውም ከዚያው ከደጁ ሰማይ ነው የሚመጣው። ያ የከበደ ነጠላ፣ ግንባሯ ላይ የወረደው ቅዝቃዜ፣ ያች ቃል ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡባት። መውጣት ካቃተሽ እሱ ይመጣል።

ምድጃው ላይ ሁለት ግንድ ጨመረችና ነበልባሉ እስኪነሣ እፍ አለች። የአማቷን ደረትና እግር በጀንዲው ቁርበት ሸፈነች፤ ፊታቸውን ብቻ ተወች። ቆመችና የላስቲኩን ገመድ ፈታችው። ያቆረው ውኃ ተገልብጦ መሬቱን አጠበው፤ ዞር ብላ አላየችውም። ትከሻዋን ከአልጋው ግርጌ አስጠጋች።

«እንግዲህ ጠበቅ አርገው ይያዙ፣ እማሆይ፤ ልገፋዎ ነው።»

«ወዴት ነው ደሞ የምትወስጅኝ?»

«ወደሚያፈስበት።»

አልጋው እየተንቋቋ ወደ ምሰሶው ተመለሰ፣ ከእሳቱ አጠገብ፣ ገንቦው ከተሰበረበት ቀዳዳ ሥር። አንድ ጠብታ ትራሱ ላይ ወደቀ። የትነበርሽ አልጋውን በስንዝር አስጠጋችው። ሁለተኛው ጠብታ በእማሆይ ግንባር መካከል አረፈና በሽፋሽፍታቸው በኩል ወደ ጆሯቸው ወረደ። እማሆይ ዐይናቸውን ጨፍነው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ሦስተኛው መጣ፣ አራተኛው ተከተለ። አባ ኪዳነወልድ ጃንጥላቸውን አጠፉና ጥግ አስደገፉት፤ ቀስ ብለውም ጥምጣማቸውን አወለቁ። ስማቸው ቆርቆሮውን ተደግፎ ቆሟል፤ አሁን የማንም ሳይሆን የቤቱ ነው።

«ቀዘቀዘዎ?» አለች የትነበርሽ።

«የሩፋኤል ነው» አሉ እማሆይ። «ነይ አንችም። የዚያን ቀን በነጠላ ነበር ያመጣሁልሽ።»

የትነበርሽ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች፤ ሻሿን ፈትታ ራሷን ከራሳቸው ጋር አስጠግታ ትራሱ ላይ ጣል አደረገች። ውኃው ጉንጯ ላይ ሲወርድ አለቀሰች፤ በዚህ ጊዜ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። እንዲህ ሆና ስታይ ባሏ ወደ ደጃፉ ፈቀቅ ብለው ቆመዋል። እጃቸው የሚያደርገውን አጥቶ የነጠላቸውን ጥለት ይፈትላል። የደበቁትንና የደበቀቻቸውን፣ ሲሸሹ የከረሙበትን ዘጠኝ ቀን በምን ቃል እንደሚያነሡት የጨነቃቸው ይመስላል።

ትራሱ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለችላቸው። የንስሐ አባታቸው ከጎናቸው መቆማቸውን፣ ወንድሟም እየሰማ መሆኑን ረስታዋለች።

«ምን ቆመሃል?» አለች። «ና ወዲህ፤ በዚህ በኩል ሸጋ አርጎ ያፈሳል።»